አንድ ቅጂ ጥበቃ አይደለም

ወዳጆቼ፣ ዛሬ የምንማረው ስለ አደራ ነው። ማስተማሪያችንም በዚሁ በአማን፣ በሚዛንና በቴፒ ካሜራ ይዛችሁ ሰርግና ክርስትና የምታነሱበት የራሳችሁ ሥራ ነው።

ሚሞሪ ሊገዛ የመጣ ሁሉ "ስንት ጊጋ ይበቃኛል?" ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ በሮው ሲያነሳ አንዱ ፎቶ ከ25 እስከ 30 ሜጋባይት ሊይዝ ይችላል። ፎርኬ ቪዲዮ በሴኮንድ 100 ሜጋቢት ሲቀረጽ ባለ 64 ጊጋ ካርድ በ85 ደቂቃ ገደማ ይሞላል። የሙሽራዋ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ምሳው፣ መልሱ ሲደመር አንድ ካርድ አይችለውም። ቅዳሜ የሞላው ካርድ ደግሞ ለእሑዱ ሰርግ ባዶ ሆኖ መገኘት አለበት። በኪስ የሚያዝ ሀርድ ዲስክ በፎቶ አንሺ ዘንድ የተወደደው ለዚህ ነው።

ከስንት ጊጋ የሚቀድም ጥያቄ ግን አለ፤ በካርዱ ላይ ያለው የማን ነው? ካርዱ የእናንተ ነው። ምስሉ የሙሽሮቹ ነው። የሌላ ሰው ሆኖ በእጃችሁ ያደረ ነገር አደራ ይባላል።

ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 22 ስለ አደራ ከብት ሲደነግግ፣ አውሬ የሰበረውን ጠባቂው እንዳይከፍል ይፈቅዳል፤ ከእጁ የተሰረቀውን ግን ያስከፍለዋል። ለምን? አውሬው ከአቅም በላይ ሊሆን ይችላል፤ ከሌባ ግን በትጋት መጠበቅ ይቻላል። ካርድና ዲስክ አንድ ቀን እንደሚበላሹ ሁላችን እናውቃለን። መበላሸቱን እያወቀ በአንድ ቅጂ ብቻ የተኛ ሰው "አውሬ በላው" ማለት አይችልም።

ሁለተኛውን ምስክር ከኤርምያስ ምዕራፍ 36 እንውሰድ። ባሮክ ከነቢዩ አፍ እየሰማ የጻፈውን ክርታስ ንጉሥ ኢዮአቄም እየቀደደ በምድጃ አቃጠለው። ባሮክ ዳግመኛ ጻፈ፤ የሚነግረው ነቢይ በሕይወት ነበርና። ሰርግን ግን ማን ዳግመኛ ይነግረናል? ለዚህ ነው ቅጂው ከእሳቱ በፊት መዘጋጀት ያለበት።

አባቶቻችን ይህን በብራና ኖረውታል። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉው የተረፈው በግእዝ ነው፤ ጸሐፍት ከገዳም ገዳም እየገለበጡ ስላቆዩት። በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራም በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍትን አንሥቶ አንዱን ቅጂ በአዲስ አበባ፣ ሌላውን በአሜሪካ ሚኒሶታ አስቀመጠ። አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይተርፋል።

አሁን ወደ እጃችን ሥራ እንምጣ።

አንደኛ፣ ፋይሉ በሁለት ዕቃዎች ላይ ሳይገለበጥ ካርዱ ፎርማት አይደረግ። ከት አታድርጉ፣ ኮፒ አድርጉ፤ መብራት መሐል ላይ ቢጠፋ ዋናው በካርዱ ላይ ይቆያል። ላፕቶፑና ሀርድ ዲስኩ በአንድ ቦርሳ ካደሩ ግን ለሌባው አንድ ናቸው። አንዱ በሌላ ቤት ይደር።

ሁለተኛ፣ የገዛችሁትን ካርድ ሰርግ ሳይደርስ ፈትኑት። 128 የተጻፈበት ፌክ ካርድ ውስጡ 8 ጊጋ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ሲሞላ አይናገርም፣ ዝም ብሎ ያበላሻል። እስከ አፉ ሙሉት፣ መልሳችሁ ገልብጡት፣ የመጨረሻውን ፋይል ከፍታችሁ እዩ።

ሦስተኛ፣ እርጥበትን ጠብቁ። የቡና አገር ልጅ ይህን ለመማር ሩቅ አይሄድም። በደንብ ሳይደርቅ ጆንያ የገባ ቡና ይሻግታል። ዝናብ የነካውን ካሜራና ዲስክም ሳታደርቁ ቦርሳ ውስጥ አትዝጉበት።

አራተኛ፣ በስህተት ዲሌት ካደረጋችሁ ወዲያው ማንሳት አቁሙ። ዲሌት የተደረገ ፎቶ ቦታው "ባዶ" ተብሎ ይመዘገባል እንጂ አዲስ ፎቶ እስኪያርፍበት ብዙ ጊዜ እዚያው አለ፤ በማስመለሻ ፕሮግራም ሊገኝ ይችላል።

"ሁለት ሀርድ ዲስክ የምገዛበት አቅም የለኝም" የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ዕቃው ውድ ነው። እንግዲያው የዲስኩን ድርሻ በሰርጉ ዋጋ ውስጥ አስገቡ፤ ለሙሽሮቹም ምክንያቱን ንገሯቸው። ይህ ካልሆነ በአንድ ዲስክ ጀምሩና ኤዲቱ እስኪያልቅ ወራት ሳትጠብቁ ያልተነካውን ፎቶ በፍላሽ ለቤተሰቡ ስጡ። ሁለተኛው ቅጂ በባለቤቱ ቤት አደረ ማለት ነው።

አስተውሉ፤ አደራ የሚፈጸመው ለባለቤቱ ሲመለስ ነው። ከቤበቃ በኩል ልጇን ልትመርቅ የመጣችው አሮጊት በሚቀጥለው ዓመት ላትኖር ትችላለች። ፊቷ ያለው በዚያች ጥፍር በምታክል ካርድ ላይ ነው። ዛሬ ማታ፣ ሳትተኙ፣ ገልብጧት።