ማተሚያን ከኮምፒውተር በረጅም ርቀት ማገናኘት፦ ከገመድ ርዝመት እስከ ፈተና ምስጢር

በዩኒቨርሲቲ ትምህርት ክፍሎች ፈተና የሚዘጋጅበት ኮምፒውተርና የሚታተምበት ማተሚያ ብዙ ጊዜ በአንድ ሕንጻ አይገኙም። ፈተናው በፍላሽ ዲስክ ከቢሮ ወደ ቢሮ ሲጓዝ ቫይረስም የምስጢር መባከንም አብረውት ይጓዛሉ። ይህ ጽሑፍ ሁለቱን መሣሪያዎች በርቀት ለማገናኘት የሚያስችሉ አማራጮችን ይመረምራል። የጸሐፊው አቋም፣ መፍትሔው ገመዱን ማስረዘም ሳይሆን ርቀቱን ለኔትወርክ ማስተላለፍ ነው የሚል ነው።

የዩኤስቢ 2.0 ገመድ ከ5 ሜትር እንዳይበልጥ የተወሰነው ምልክቱ በመንገድ ስለሚደክም ብቻ አይደለም። በዩኤስቢ አሠራር ጠያቂው ኮምፒውተሩ ነው፤ ማተሚያው የሚመልሰው ሲጠየቅ ብቻ ሲሆን መልሱ በተወሰነው ቅጽበት ካልደረሰ እንዳልተመለሰ ይቆጠራል። በመሆኑም ደረጃው የአንድ ገመድ መዘግየት ከ26 ናኖ ሰከንድ እንዳያልፍ ይደነግጋል። ወፍራም ወይም ውድ ገመድ መግዛት ይህን ገደብ አያነሣውም። በመካከል እስከ 5 ሀብ በመደርደር 30 ሜትር መድረስ ይቻላል፤ ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ሀብ ሊበላሽ የሚችል ተጨማሪ መገጣጠሚያ ነው።

ከዩኤስቢ የሚቀድሙት ተከታታይ መስመሮች በርቀት ረገድ የተሻሉ ይመስላሉ። አርኤስ 232 በልማድ 15 ሜትር ያህል ሲደርስ፣ አርኤስ 422 በ100 ኪሎ ቢት በሰከንድ ፍጥነት 1200 ሜትር ድረስ ይሄዳል። ችግሩ የሚገለጠው በአማርኛ ሲታተም ነው። በማተሚያዎች ውስጥ ተቀምጠው የሚመጡት ፊደላት ብዙውን ጊዜ የግዕዝን ፊደል ስለማያካትቱ፣ ወይ የፊደሉ ቅርጽ ከሰነዱ ጋር ይላካል፣ ወይ ገጹ በሙሉ እንደ ሥዕል ይላካል። በአንድ ኢንች 600 ነጥብ የሚታተም የኤ4 ገጽ 4960 በ7016፣ ማለትም ወደ 34.8 ሚሊዮን ነጥብ ይይዛል። ሳይታመቅ በጥቁርና ነጭ ቢላክ በአርኤስ 422 መስመር 6 ደቂቃ ያህል፣ በ19,200 ቢት በሰከንድ መስመር ደግሞ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ማመቅ ጊዜውን እንደሚያሳጥረው አይካድም፤ ሆኖም 100 ሜጋ ቢት በሰከንድ የሚያስተላልፍ ኢተርኔት ያንኑ ገጽ ሳይታመቅ እንኳ ከግማሽ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያደርሰዋል።

የኢተርኔት የመዳብ ገመድ በአንድ ዝርጋታ 100 ሜትር ይፈቀድለታል፤ ከዚያ በኋላ ስዊች ያስፈልጋል። ማተሚያው የኔትወርክ መሰኪያ ከሌለው አነስተኛ የፕሪንት ሰርቨር ሣጥን አጠገቡ ይቀመጣል። ዩኤስቢው በ5 ሜትሩ ውስጥ ይቆያል፤ የቀረውን ርቀት ኔትወርኩ ይሸከማል። ከሕንጻ ወደ ሕንጻ ሲሆን ግን፣ ርቀቱ ከ100 ሜትር ቢያንስም እንኳ፣ ፋይበር ይመረጣል። የሁለት ሕንጻዎች የመሬት መስመር የኤሌክትሪክ መጠን ሊለያይ ስለሚችልና የክረምት መብረቅም በመዳብ በኩል ወደ መሣሪያዎቹ ሊደርስ ስለሚችል ነው። የፋይበሩ መስታወት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ በ100 ሜጋ ቢት በሰከንድ እስከ 2 ኪሎ ሜትር ያደርሳል።

ርቀቱ በዚህ ቢፈታም የፈተናው ምስጢር ገና አልተጠበቀም። ብዙ የኔትወርክ ማተሚያዎች በፖርት 9100 የሚቀበሉት ሰነድ ሳይመሰጠር ስለሚያልፍ፣ በመንገዱ ላይ የኔትወርኩን ትራፊክ መቅዳት የቻለ ሰው ፈተናውን መልሶ ሊያወጣው ይችላል። አይፒፒ የተባለው ፕሮቶኮል በፖርት 631 ከምስጠራ ጋር ሲሠራ ይህን ይከላከላል። ምስጠራ የማይችል አሮጌ ማተሚያ ከሆነ፣ ምስጠራውን የሚቀበል ኮምፒውተር አጠገቡ ተቀምጦ በአጭር ገመድ ቢያያዝ ይሻላል። ከሁሉም በላይ ተረስቶ የሚታየው ግን ወረቀቱ የሚወጣበት ሣጥን ነው፤ አስታሚው እስኪደርስ ፈተናው ለአላፊ አግዳሚው ክፍት ነው። አንዳንድ ማተሚያዎች ምስጢራዊ ቁጥር እስኪገባ ድረስ ሰነዱን ይዘው ያቆያሉ። ይህ አገልግሎት በሌለበት፣ የማተም ትእዛዙ የሚሰጠው ኃላፊነት ያለበት ሰው ማተሚያው አጠገብ ከቆመ በኋላ ብቻ መሆን አለበት።