ማሄጃ ምንድር ነው?

በእስፓንያ፥ በቆጵሮስና በቱርክ ገጠር ከአሮጌ የጭድ ቤት ውስጥ ምንነቱ ያልታወቀ ከባድ ሳንቃ አንዳንድ ጊዜ ይገኛል። ርዝመቱ የሰው ቁመት ያህላል፤ አንዱ ጫፉ ወደ ላይ ቀና ያለ ነው። ያገኙትም ሰዎች እኩሌቶቹ መዝጊያ ነው፥ እኩሌቶቹ አልጋ ነው ይላሉ፤ እግር አስገጥመው ገበታ ያደረጉትም አሉ።

የሳንቃው ነገር የሚታወቀው ግን ሲገለብጡት ነው። በሥሩ በረድፍ በረድፍ ተፈልፍሎ የባልጩት ስለት ተሰክቶበታል፤ በአንዳንዱም የብረት ምላጭ አለ። መዝጊያ ጥርስ ምን ያደርግለታል? ባልጩቱ ብዙ ዘመን ከአገዳ ጋራ ከመፋተጉ የተነሣ ያብለጨልጫል። እንግዲህ ይህ በበሬ ወይም በበቅሎ የሚጎተት የዐውድማ ማሄጃ ነው። ገበሬው በላዩ ቆሞ በተበተነው ነዶ ላይ ሲያዞረው ጥርሶቹ ፍሬውን ከዛላው ያላቅቃሉ፥ አገዳውንም ቆራርጠው ጭድ ያደርጉታል።

በአገራችን ገጠር በሬዎች በሰኮናቸው እየረገጡ ስለሚያበራዩ፥ ይህን ዕቃ ያላየ ሰው ማሄጃ የሚለውን ቃል ሲያነብ የበሬ መንጃ በትር ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን በካልዕ ሳሙኤል በ24ኛው ምዕራፍ ኢያቡሳዊው ኦርና ለዳዊት በሬዎቹን ለመሥዋዕት፥ ማሄጃውን ለማገዶ አቀረበ። ለማገዶ ከኾነ እንጨት መኾኑ የታወቀ ነው። አሞጽ ደግሞ በ1ኛው ምዕራፍ በዕብራይስጡ ንባብ ደማስቆን ገለዓድን በብረት ማሄጃ አበራየች ብሎ ይወቅሳታል። እንጨት ነው ወይስ ብረት ቢሉ፥ ሳንቃውን የገለበጠ ሰው ኹለቱ ንባቦች እንደማይጣሉ ያያል፤ ገላው እንጨት፥ ጥርሱ ብረት ነውና። ወደ ጽርዕ የተረጐሙት ሊቃውንት በዚህ ስፍራ መጋዝ ብለዋል፤ ይህም ጥርሱን አስበው ይመስለናል።

ኢሳይያስም በ41ኛው ምዕራፍ ባለ ጥርሱን ማሄጃ አዲስ ይለዋል። አዲስ ማለቱ ስለ ምን ነው ቢሉ፥ በሥራ ብዛት ጥርሱ ይረግፋል፥ ይዶለዱማልና፤ አዲሱ ግን ስለቱ ሙሉ ነው። በ28ኛው ምዕራፍ ደግሞ ጥቁር አዝሙድ በማሄጃ እንደማይሄድ፥ በበትር እንደሚወቃ ይናገራል። በትርና ማሄጃ ልዩ ልዩ መኾናቸው ከዚህ ይታወቃል።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው መቶ ዓመት የነበረው ሮማዊው ቫሮ ይህንኑ ዕቃ ድንጋይ ወይም ብረት የተሰካበት፥ ነጂ ወይም ሸክም ተጭኖበት በከብት የሚሳብ ሳንቃ መኾኑን ጽፏል። በላቲን ስሙ ትሪቡሉም ነው፤ መከራን ትሪቡላትዮ ማለታቸውም ከዚህ ከዐውድማው ዕቃ የወጣ ነው። አሞጽ የገለዓድን ሰዎች ከዚያ ጥርስ በታች እንደ ነዶ ተበትነው አይቷቸዋል።