መልስ ሳይመጣ መልስ ማንበብ

የዌብ ፕሮግራም ትምህርት የጀመረውን ተማሪ ከሁሉ ይልቅ ተስፋ የሚያስቆርጠው፥ ኮዱ ደኅና መስሎ እየታየ ውጤቱ ባዶ ሆኖ መገኘቱ ነው። ምክንያቱን በምሳሌ እንመልከት።

የተማሪዎችን የፈተና ውጤት የሚያሳይ ገጽ እንሠራለን እንበል። በመጀመሪያው መስመር ውጤቱን ከሰርቨር እንጠይቃለን፤ በሁለተኛው መስመር የተቀበልነውን እናሳያለን። ገጹ ግን «አንዲፋይንድ»፥ ማለት ዋጋ ያልተሰጠው፥ ይለናል። ይህ የሚሆነው ጃቫስክሪፕት ጥያቄውን ከላከ በኋላ ቆሞ መልስ ስለማይጠብቅ ነው። ነገሩ ልጅ ስኳር እንዲገዛ ሱቅ ልኮ፥ ሳይመለስ ቡናውን እንደ ማማሰል ነው። ስለዚህ መልሱ ሲደርስ የሚሠራውን ፈንክሽን አስቀድመን እናስረክባለን፤ ኮልባክ የሚባለውም ይኸው ነው። በመልሱ የሚጠቀም ሥራ ሁሉ በኮልባኩ ውስጥ፥ ወይም ከኮልባኩ ተጠርቶ መሠራት አለበት።

እንግዲህ ስሕተት ሲገጥመን በዚህ ተራ እንመርምር፤

1ኛ/ ቅደም ተከተሉን። ከጥያቄው በፊት «ሀ»፥ በኮልባኩ ውስጥ «ለ»፥ ከጥያቄው በኋላ «ሐ» ብለን በኮንሶል እናስጽፍ። የሚወጣው ሀ፥ ሐ፥ ለ ነው። «ለ» ጨርሶ ካልወጣ ኮልባኩ አልተጠራም ማለት ነው። ብሬክፖይንትም የምናኖረው በኮልባኩ ውስጥ ይሁን።

2ኛ/ ቅንፉን። ፈንክሽኑን በስሙ ብቻ ማስረከብ ሲገባን ቅንፍ ከጨመርንበት፥ እዚያው ወዲያው ይሠራል፤ የምናስረክበውም ፈንክሽኑን ሳይሆን እሱ የመለሰውን ዋጋ ይሆናል።

3ኛ/ የመልሱን ቁጥር። በብራውዘሩ «ኔትወርክ» ክፍል 200 ካየን መልሱ ደኅና ደርሷል፤ 404 የተጠየቀው አልተገኘም፥ 500 ሰርቨሩ ራሱ ተሳስቷል ማለት ነው። «ፌች» ግን 404ንና 500ን እንደ ውድቀት ስለማይቆጥራቸው «ካች» አይዛቸውም። ስለሆነም «ኦኬ» የሚለውን የመልሱን ምልክት ራሳችን መመርመር ይገባናል።

እ.ኤ.አ. በ2015 ፕሮሚስ፥ በ2017 ደግሞ «አሲንክ» እና «አዌት» በቋንቋው ደንብ ውስጥ ገብተው አጻጻፉን አቅልለውታል፤ መልስ መጠበቁን ግን አላስቀሩትም።

ይህ ሁሉ ለኮዱ ማማር ብቻ አይደለም። መስመር ተቋርጦ ሳለ «ውጤት የለም» ብሎ የሚጽፍ ገጽ፥ ዓመት ሙሉ ለደከመ ተማሪ ሐሰት ይነግረዋል። «የለም» እና «አልደረሰም» የተለያዩ ናቸው፤ ልዩነቱን የሚጠብቀውም ኮዱን የጻፈው ሰው ነው።