ከማን ጋር ተዋዋልህ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ እዚህ በአሜሪካን አገር በምናገለግልበት አጥቢያ የሚማር አንድ የዐሥረኛ ክፍል ታናሽ ወንድማችን ነው። ቅዳሜ ማታ ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋር ስለሚጫወተው ጨዋታ ሲያወራ ሰምቼ «አንተ በዚያ ጨዋታ ምንድን ነህ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ከሌላ ዓለም ኃይል ጋር ተዋውዬ አስማት የማደርግ ሰው ነኝ፣ ጋሼ» አለኝ። እኔም ወዲያው «ይህማ ጋኔን መሳብ ነው! መጽሐፉን አውጥተህ ጣል» አልሁት። ከዚያ በኋላ ሦስት እሑድ ሙሉ ሳይመጣ ቀረ። ሳላውቅ መፍረዴ የገባኝና ነገሩን ማጥናት የጀመርሁት ያን ጊዜ ነው።

ጨዋታው «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ይባላል። ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርንሰን የተባሉ አሜሪካውያን ያዘጋጁት ሲሆን የታተመው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። እንደ ዳማ ወይም እንደ ገበጣ ያለ ጨዋታ አይደለም። ጥቂት ሰዎች በጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ አንዱ ታሪኩን ይመራል፤ የቀሩት እያንዳንዳቸው የአንድ ልብ ወለድ ሰው ሚና ይዘው «እኔ በሩን እከፍታለሁ»፣ «እኔ እሸሻለሁ» እያሉ ታሪኩን ያስቀጥላሉ። ያሰቡት ይሳካ እንደ ሆነ ባለ 20 ገጽ ዳይስ ተጥሎ ይታወቃል። እንግዲህ በጠረጴዛው ላይ ያለው ወረቀት፣ እርሳስና ወሬ ነው።

በ1980ዎቹ በዚሁ አገር ብዙ ክርስቲያኖች ይህን ጨዋታ የሰይጣን ወጥመድ ነው ብለው ተነሥተውበት ነበር። ከመነሻዎቹ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1979 በሚሺገን የአንድ ተማሪ መጥፋት ነው። ጋዜጦች ልጁ ይህን ጨዋታ ሲጫወት ከዩኒቨርሲቲው ሥር ባሉት የእንፋሎት ቧንቧ መተላለፊያዎች ውስጥ ሳይጠፋ አልቀረም ብለው ጻፉ። በኋላ እንደ ተገለጠው ግን ልጁን ያሸሸው የገዛ ራሱ ጭንቀት ነበር። ሰው ሁሉ ስለ ጨዋታው ሲከራከር የልጁ ጭንቀት ተረሳ። አሳታሚዎቹም ወቀሳውን ፈርተው እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣው ሁለተኛ እትም አጋንንት የሚለውን ስም አስወጡት፤ ኋላም እነዚያኑ ፍጡራን ሌላ ስም ሰጥተው መለሷቸው። በዚህ ማን እንደ ተጠቀመ እኔ አይገባኝም።

የእኔ ድንጋጤ ግን ከአሜሪካ ጋዜጣ የመጣ አልነበረም። በአገራችን ጋኔን ሳቢ የሚባለውን ሰው ያልሰማ የለም። ስለ እርሱ ሲወራ የሚያስፈራው ነገር መሳቡ ብቻ ሳይሆን ስቦ ያመጣውን ለመመለስ አለመቻሉ ነው። ከዚህ ወሬ ጋር ላደገ ሰው «ተዋውያለሁ» የሚለው ቃል ጨዋታ ሆኖ አይሰማውም። እዚህ የተወለዱት ታናናሾቻችን ይህን ፍርሃታችንን አያውቁትም፤ እኛም አላስረዳናቸውም።

የወንድማችን ገጸ ባሕርይ በጨዋታው ቋንቋ «ዋርሎክ» ይባላል። ኃይሉ በትምህርት ያገኘው ወይም አብሮት የተወለደ አይደለም፤ ከእርሱ ከሚበልጥ አካል ጋር በውል ያገኘው ነው። (ኪዳን የሚለውን የተቀደሰ ቃል ለዚህ አልጠቀምበትም፤ ውል ይበቃዋል።) እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው መጽሐፍ ተጫዋቹ ገና ከመጀመሪያው ደረጃ ተዋዋዩን እንዲመርጥ ያዝዛል፤ ከቀረቡለት ሦስት ምርጫዎች አንዱ ርኩስ መንፈስ ነው። በ2024ቱ እትም ግን ምርጫው ወደ ሦስተኛው ደረጃ ተዛውሯል። ይህም ማለት አስማቱን አስቀድሞ ይሠራበታል፤ ከማን እንደ ተቀበለው የሚወስነው በኋላ ነው። አዘጋጆቹ ይህን ያደረጉት ለጨዋታው ሥርዓት ብለው ይሆናል፤ እኔ ግን ሳነበው ደነገጥሁ። በእውነተኛው ሕይወታችንስ የምናደርገው ይህንኑ አይደለምን? ገንዘቡን፣ ዝናውን፣ የሰውን ጭብጨባ አስቀድመን እንቀበላለን፤ ከማን እንደ ተቀበልን የምንጠይቀው ቆይተን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣ «ኮል ኦፍ ክቱሉ» የሚባል ሌላ ጨዋታ ደግሞ ዋጋውን በግልጽ ይቈጥራል። በዚያ ጨዋታ የገጸ ባሕርዩ የአእምሮ ጤና በቍጥር ይጻፋል፤ አስማት ባደረገ ጊዜ ቍጥሩ ይቀንሳል። ስለ እነዚያ ክፉ ኃይሎች ያለው ዕውቀት ባደገ መጠንም ጤናው ሊደርስበት የሚችለው ጣራ ዝቅ ይላል። ቍጥሩ ዜሮ ሲሆን ገጸ ባሕርዩ ከተጫዋቹ እጅ ወጥቶ ለጨዋታው መሪ ይሰጣል። ሰውየው አልሞተም፤ ነገር ግን የራሱ አይደለም።

ይህን ሳነብ ወደ አእምሮዬ የመጡት የአስቄዋ ሰባት ልጆች ናቸው (የሐዋ. ሥራ 19)። ጳውሎስ የሚሰብከውን ስም እንደ መሣሪያ አንሥተው ርኩስ መንፈስ ባለበት ሰው ላይ ጠሩ። መንፈሱ ኢየሱስንም ጳውሎስንም እንደሚያውቅ፣ እነርሱን ግን እንደማያውቃቸው ነገራቸው፤ ቈስለውና ዕራቁታቸውን ሆነው ሸሹ። የጠሩት ስም ቅዱስ ነው፤ እነርሱ ግን የባለቤቱ አልነበሩም። ከዚህም በኋላ በኤፌሶን ዋጋቸው 50,000 ብር የሆነ የአስማት መጻሕፍት ተቃጠሉ። ልብ በሉ፤ ያቃጠሏቸው ባለቤቶቹ ራሳቸው አምነው ነው። መስከረም 21 ቀን በስንክሳር የሚታሰበው ቅዱስ ቆጵርያኖስም ጠንቋይ በነበረ ጊዜ አጋንንቱ በድንግል ዮስቴና ላይ አንዳች ማድረግ እንዳልቻሉ ባየ ጊዜ መጻሕፍቱን በገዛ እጁ አቃጠለ። እኔ ግን የልጁን መጽሐፍ በትእዛዝ ላስጥለው ነበር።

ስለዚህ ጨዋታው ለሁሉ ይሁን ብዬ አልጽፍም። ቅዳሜ ማታ እስከ እኩለ ሌሊት ተቀምጦ ለቅዳሴ የማይነሣ ቢኖር ውሉ ከማን ጋር እንደ ሆነ ራሱን ይጠይቅ። በጨዋታ የሰማውን እውነተኛ አስማት ለማግኘት መጽሐፍ መፈለግ የጀመረም ከጠረጴዛው ተነሥቶ ወደ ሌላ ነገር ሄዷልና ሳይውል ሳያድር ለንስሐ አባቱ ይንገር። የቀረውንም ቢሆን የንስሐ አባት እንጂ እኔ አልወስንም።

በአራተኛው ሳምንት ወደ ቤቱ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። እናቱ ቡና እያፈሉ ሳለ «ሰውየህ ላገኘው ኃይል ምን ይከፍላል?» አልሁት። ጥቂት አሰበና «እስካሁን ማንም አልጠየቀውም» አለኝ። ጥያቄውን ወስዶ ለጓደኞቹ ነገራቸው። የጨዋታው መሪም ወደደውና በሚቀጥለው ቅዳሜ ያ ኃይል መጥቶ ዋጋውን እንዲጠይቅ አደረገ፤ ከጓደኞቹ አንዱን አሳልፎ እንዲሰጠው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይህን ሲነግረኝ «ታዲያ ምን አልኸው?» አልሁት።

«ገና አልመለስሁም። እምቢ ካልሁ ያለኝን ሁሉ ይወስድብኛል፤ እስከ ቅዳሜ ጊዜ አለኝ፣ ጋሼ» አለኝና መዝሙር ለማጥናት ገባ።