ሰው የመግደል ጨዋታን ለልጅ ስለ መሸጥ

አንባቢ ሆይ፤ ደም የሚፈስበት የቪዲዮ ጨዋታ እንዳይሸጥ በሕግ ሊከለከል ይገባልን? በአሜሪካ በካሊፎርንያ የሆነውን አስተውል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2005 አገረ ገዥው አርኖልድ ሽዋርዜኔገር (እርሱም አስቀድሞ በሲኒማ ጠመንጃ ሲተኩስ የታየ ሰው ነው) እንዲህ ያለውን ጨዋታ 18 ዓመት ላልሞላው ልጅ የሸጠ ነጋዴ እስከ 1000 ዶላር ይቀጣ ዘንድ ሕግ ፈረመ። ሕጉ ግን ሥራ ላይ ሳይውል ታገደ፤ በ2011ም የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ7 ዳኞች ድምፅ ሻረው፥ 2ቱ ተቃወሙ። ዳኛው ስካሊያ በልጆች ተረትም ግፍ ሞልቷል፥ ጨዋታው ልጅን ጨካኝ ማድረጉም አልተረጋገጠም ሲል ጻፈ። ዳኛው ብራየር ግን የራቁት ሴት ሥዕል ለ13 ዓመት ልጅ መሸጥ ተከልክሎ ሳለ፥ ሴትን አስሮ የሚያሠቃይበት ጨዋታ እንዴት ይፈቀዳል አለ።

እኔ ከብራየር ጋር ነኝ። በተረት የሚገድለው ሌላ ነው፤ በጨዋታው ግን ተኳሹ የልጁ ጣት ነው። ስለዚህ ለዐዋቂ ይሸጥ፥ ለልጅ ግን አይሸጥ።

ዳሩ ግን ያ ሕግ ቢጸና ኖሮ እንኳ፥ ወላጅ ገዝቶ ለልጁ ከመስጠት አይከለክለውም ነበር። አንተ በዚያ አገር ልጅ የምታሳድግ ወንድሜ ሆይ፤ ልጅህ ሲለምንህ ገንዘብህን ከመክፈልህ በፊት በማሸጊያው ላይ የታተመውን ፊደል አንብብ። «ኤም» የሚል ከሆነ ጨዋታው 17 ዓመት ለሞላቸው ነው። ከገዛኸውም በኋላ አንድ ሰዓት አጠገቡ ተቀምጠህ ማንን እንደሚገድል፥ ስለ ምንም እንደሚገድል ጠይቀው።