ከማብሪያው እስከ መጀመሪያዋ «ሀ»

ሰኔ ሲገባ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ በር አካባቢ ያሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች ገና ሳይከፈቱ ደጃፋቸው ላይ ተማሪ ይሰለፋል። መመረቂያ ጽሑፉን አሳትሞና አስጠርዞ ለአማካሪው ለማድረስ የቸኮለ፣ ፍላሹን በእጁ የጨበጠ ተማሪ ነው። ጸሐፊዋ ትገባለች፣ ዲቫይደሩን ታበራለች፣ የሲፒዩውን ማብሪያ ትጫናለች፤ ከዚያ ሁሉም ዓይኑን ስክሪኑ ላይ ተክሎ ይጠብቃል። ስንት ደቂቃ ነው የሚጠበቀው? ጸሐፊዋን ብትጠይቋት «ኧረ ቡና ተፈልቶ ይደርሳል!» ትላለች። ኮምፒውተሩን የጠገነው ልጅ ደግሞ «ሠላሳ ሴኮንድ አይሞላም» ብሎ ይከራከራል። ሁለቱም የሚያምኑትን ነው የሚናገሩት፤ የለካ ግን የለም።

ባሕር ዳር ውስጥ ኮምፒውተር ስጠግን ከደንበኛ አፍ ደጋግሜ የምሰማው አቤቱታ «ለመነሳት ይቆያል» የሚለው ነው። መልሳችንም የታወቀ ነው፤ ፎርማት እናድርገው፣ ራም ይጨመርበት፣ ኤስኤስዲ ይግባለት። ሠርተን ገንዘባችንን እንቀበላለን። «ይህን ያህል ነበር፣ ይህን ያህል ሆነ» ብሎ በወረቀት ጽፎ የሚሰጥ ባለሙያ ግን እምብዛም አላየሁም። እኔም ለረጅም ጊዜ አልሰጠሁም። ይህንን የምጽፈው በዚሁ ሥራ ላይ ላላችሁ ባልደረቦቼ ነው፤ ኮምፒውተር አስጠግናችሁ የተባላችሁትን ለማረጋገጥ ለምትፈልጉም ይጠቅማችኋል።

በራሴ ስህተት ልጀምር። አንዲት የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት ጠርተውኝ ሄድኩ። ከዊንዶውስ ጋር አብረው የሚነሱትን አላስፈላጊ ፕሮግራሞች አጠፋፋሁ፣ ሻት ዳውን አደረግኩ፣ መልሼ አበራሁ፣ በስልኬ ቆጠርኩ፤ 25 ሴኮንድ። ደስ ብሎኝ አሳየኋቸው፣ እሳቸውም መርቀው ከፈሉኝ። በማግስቱ ጠዋት ደወሉ። «ልጄ፣ ያው ናት እኮ» አሉኝ። ሄጄ አየሁ፤ እውነትም ያው ናት። ዴስክቶፑ እስኪመጣ ብቻ ሁለት ደቂቃ አለፈ።

ምክንያቱን ያገኘሁት ማታ ሲዘጉ ቆሜ በማየቴ ነው። ሻት ዳውን የሚባለውን አይጠብቁም፤ ሥራ ሲያበቃ ዲቫይደሩን ጭጭ አድርገው ይሄዳሉ። በጥቅምት 2005 ዓ.ም. ከወጣው ዊንዶውስ 8 ጀምሮ ዊንዶውስ ፋስት ስታርትአፕ የሚባል አሠራር አለው። በወጉ ሻት ዳውን ሲደረግ የሥርዓቱን እምብርት ከራም ወደ ዲስክ ገልብጦ ያስቀምጣል፤ በሚቀጥለው ሲበራ ሁሉንም ከባዶ ከመጀመር ያስቀመጠውን መልሶ ያነባል። ለዚህ ነው በእኔ ሙከራ ቶሎ የተነሳው። ዲቫይደር ሲጠፋበት ወይም መብራት ሲሄድበት ግን ምንም የሚያስቀምጥበት ዕድል የለውም፣ ስለዚህ ጠዋት ከሀ ጀምሮ ይነሳል። እኔ የለካሁት አነሳስና እሳቸው ጠዋት ጠዋት የሚያዩት አነሳስ አንድ አልነበረም።

ብዙ ሰው የሚገርመው ነገር ደግሞ አለ። ፋስት ስታርትአፕ ባለበት ኮምፒውተር ላይ ሙሉ በሙሉ ከባዶ የሚያስነሳው ሪስታርት ነው፤ ሻት ዳውን ግን ግማሹን አስቀምጦ ይተኛል። ሻት ዳውን ስታደርጉ ሙሉ በሙሉ እንዲጠፋ ከፈለጋችሁ ሺፍት የሚለውን ቁልፍ ይዛችሁ ሻት ዳውንን ተጫኑ። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ሰዓት መያዝ አይደለም፤ «ማታ እንዴት ነው የምታጠፉት?» ብሎ መጠየቅ ነው። የምትለኩት አነሳስ ደንበኛው ጠዋት የሚገጥመው መሆን አለበት። ሁለቱንም ብትለኩ ጥሩ ነው፤ ግን ለየብቻ ጻፏቸው፣ አታደባልቋቸው።

ቀጥሎ ሰዓቱ ከየት ይጀምራል፣ የት ይቆማል የሚለው ይመጣል። ከባሕር ዳር ወደብ ዘጌ በሞተር ጀልባ ስንት ይፈጃል ብትሉ «አንድ ሰዓት ገደማ» ይሏችኋል። ጀልባው እስኪሞላ የተቀመጣችሁበት፣ ዘጌ ከወረዳችሁ በኋላ በቡናው ጫካ ውስጥ እስከ ገዳሙ የምትሄዱት መንገድ አይቆጠርም። ጀልባ ነጂው ስለ ውኃው ነው የሚናገረው፤ ተሳላሚው ግን የሚፈልገው ገዳሙ በር የሚደርስበትን ሰዓት ነው። ኮምፒውተርም ላይ ባለሙያ ዴስክቶፕ ሲያይ «ተነሳ» ይላል። ጸሐፊዋ ግን ዴስክቶፕ ላይ የምትሠራው ሥራ የላትም። ወርድን ትጫናለች፣ ክቡ ይሽከረከራል፣ የዲስኩ መብራት ሳያቋርጥ ይበራል፣ የግዕዙ ፕሮግራም ገና አልተነሳምና የነካችው ቁልፍ በእንግሊዝኛ ይወጣል።

ስለዚህ እኔ ሰዓቴን የማቆመው ወርድ ተከፍቶ የመጀመሪያዋ «ሀ» ስክሪኑ ላይ ስትታይ ነው። ለሒሳብ ሠራተኛ የሒሳብ ፕሮግራሙ ተከፍቶ ቁጥር ሲቀበል፣ ለቢሮ ሠራተኛ ጠዋት 2:30 ላይ መስኮቱ ፊት የቆመውን ባለጉዳይ ፋይል መክፈት ሲችል ይሁን። «ሲስተም እየተነሳ ነው፣ ትንሽ ጠብቁ» ተብሎ የቆመ ሰው የሚያውቀው ማብቂያ ይኸው ነው። መነሻው ደግሞ ጣት ማብሪያውን የተጫነበት ቅጽበት ነው፤ የዊንዶውስ ምልክት ከመጣ በኋላ ከጀመራችሁ ከፊቱ ያለው ሁሉ ጠፋ ማለት ነው።

መሐል ላይ ፓስወርድ ካለ ሰው እሱን አስታውሶ እስኪጽፍ ያለው ጊዜ የኮምፒውተሩ አይደለም። ለሁለት ክፈሉት፤ ከማብሪያው እስከ ፓስወርድ መጠየቂያው አንድ፣ ፓስወርድ ተጽፎ ኢንተር ከተመታ እስከ «ሀ» ሁለት። ከዚያ ደምሩ። የስልክ ሰዓት መቁጠሪያ ለዚህ ይበቃል፤ የጣታችን መዘግየት ከሴኮንድ በታች ነውና በደቂቃ በሚቆጠር ነገር ላይ ለውጥ አያመጣም። ክርክር ካለ ግን ማብሪያውንና ስክሪኑን በአንድ ላይ አስገብታችሁ ቪዲዮ ቅረጹ። ቪዲዮ በኋላ ቆም እያደረጉ ማየት ይቻላል፣ ደንበኛውም በራሱ ዓይን ይቆጥራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ሴኮንድ ለመቀነስ ብሎ ፓወር ግዕዝን ወይም ሌላውን የግዕዝ መጻፊያ ከስታርትአፕ የሚያወጣ ባለሙያ አይቻለሁ። ቁጥሩ ያምራል፣ ጸሐፊዋ ግን በየጠዋቱ ፕሮግራሙን ፈልጋ ራሷ ትከፍታለች፤ ጊዜው ከኮምፒውተሩ ወደ እሷ እጅ ተዛወረ እንጂ አልቀነሰም። ማብቂያችሁ «ሀ» ከሆነ ይህ ስህተት ወዲያው ይጋለጣል።

የኮምፒውተሩን የራሱንም ምስክርነት ስሙ። ታስክ ማናጀር ውስጥ ስታርትአፕ የሚለውን ስትከፍቱ በአዳዲሶቹ ማሽኖች ላይ «ላስት ባዮስ ታይም» የሚል ቁጥር ከላይ በቀኝ በኩል ታያላችሁ፤ ዊንዶውስ ከመጀመሩ በፊት ባዮሱ የፈጀው ሴኮንድ ነው። ኢቨንት ቪወር ውስጥ ደግሞ በማይክሮሶፍት፣ በዊንዶውስ፣ በዲያግኖስቲክስ ፐርፎርማንስ በኩል ገብታችሁ ቁጥሩ 100 የሆነውን መዝገብ ፈልጉ። አነሳሱን በሚሊሴኮንድ ጽፎ ያስቀምጠዋል፤ ለ1000 ስታካፍሉት ሴኮንድ ይሆናል። ዴስክቶፕ እስኪመጣ የፈጀውንና ከዚያ በኋላ እስኪረጋጋ የፈጀውን ለይቶ ይነግራችኋል። ትልቁ ጥቅሙ እናንተ ከመምጣታችሁ በፊት የነበረውን ማሳየቱ ነው። የባዮሱ ጊዜ ግን እዚያ ውስጥ የለም፣ የ«ሀ»ም የለም፤ ስለዚህ ከስልካችሁ ሰዓት ጎን አስቀምጡት እንጂ በእሱ አትተኩት። ሊኑክስ የጫነ ሰው ሥራው ቀላል ነው፤ ሲስተምዲ አናላይዝ የሚለው ትእዛዝ በአንድ መስመር ከፋፍሎ ያወጣለታል፣ ብሌም የሚለውን ከጨመረበት የትኛው አገልግሎት እንደዘገየ በቅደም ተከተል ይዘረዝርለታል።

ሴኮንዱ የት እንደሄደ ሳይታወቅ የሚደረግ ጥገና ግምት ነው። አንድ የማልረሳው ሲፒዩ አለ። ሁለት ጊዜ ፎርማት ተደርጓል፣ ባለቤቱ ከፍለዋል፣ አሁንም ይቆያል። ጠዋት አብሬ ተቀመጥኩ። ጸሐፊዋ ማብሪያውን ተጫነችና ዣንጥላዋን ልትሰቅል ሄደች፣ ጠረጴዛውን ወለወለች፣ ተመልሳ ኤፍ 1 የሚለውን ቁልፍ መታች። ሳታስበው ነው የመታችው፣ ልማድ ሆኖባታል። ጥቁሩ ስክሪን ላይ «ለመቀጠል ኤፍ 1 ተጫን» የሚል መልእክት ቆሞ ሲጠብቃት ነበር። ሽፋኑን ከፈትኩ፤ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው የሲሞስ ባትሪ ሞታለች። ሲአር 2032 የምትባለው፣ ሳንቲም የምታክለው ክብ ባትሪ ናት፣ ጉልበቷ 3 ቮልት ነው። ዲቫይደር በየማታው በሚጠፋበት ቤት ሰዓቱንና ቅንብሩን ሌሊቱን የምትጠብቀው እሷ ብቻ ናት። እሷ ስትሞት ኮምፒውተሩ ቀኑን ይረሳል፣ ጠዋት ሰው እስኪመጣለት ቆሞ ይጠብቃል፤ ቀኑ ስለተሳሳተም ብራውዘሩ ድረ ገጾችን አልከፍትም ይላል። ባትሪዋን ቀየርኩ፣ ሰዓቱን አስተካከልኩ፣ አለቀ። ሁለቱ ፎርማቶች ሊነኩት የማይችሉት ቦታ ላይ ነበር ችግሩ። ሲፒዩው ላይ የተረሳ ፍላሽም እንዲሁ ያደርጋል፤ ባዮሱ መጀመሪያ ከእሱ ለመነሳት ሲሞክር ይቆማል።

ጊዜው የጠፋው ከፓስወርድ በኋላ ከሆነና ታስክ ማናጀር ዲስኩን 100 ፐርሰንት ካሳየ ነገሩ ሌላ ነው። በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚዞር ሃርድ ዲስክ የሚፈለገው ቦታ ከመርፌው ሥር እስኪደርስ በአማካይ 5.6 ሚሊሴኮንድ ይጠብቃል፣ ክንዱ ለመንቀሳቀስ የሚፈጀው ሳይጨመር። ዊንዶውስ ሲነሳ ደግሞ በየቦታው የተበታተኑ እጅግ ብዙ ትንንሽ ፋይሎችን ነው የሚያነበው። ኤስኤስዲ የሚዞር ነገር ስለሌለው ይህ ጥበቃ የለበትም። እንዲህ ሲሆን ደንበኛችሁን ኤስኤስዲ አስገቡ ብትሉ ገንዘባቸውን በደንብ አዋላችሁት። ኤፍ 1 ላይ ለቆመው ማሽን ብትሉት ግን ኪሳቸውን አራቆታችሁ።

አንድ ጊዜ ለክቶ መሄድም አያስተማምንም። አምስት ጊዜ ለኩ፣ በመሐል ያለውን ቁጥር ውሰዱ። ለምሳሌ 118፣ 96፣ 94፣ 131 እና 97 ሴኮንድ ብታገኙ አማካዩ 107 ይሆናል፤ በቅደም ተከተል ስትደረድሩት መሐል ላይ የሚቀመጠው ግን 97 ነው፣ ደንበኛው በአዘቦት ቀን የሚያየውም ወደዚያ ይቀርባል። 131ዱ አፕዴት ሲጭን ወይም መብራት ድንገት ሄዶ ዲስኩን ሲፈትሽ የመጣ ሊሆን ይችላል። አትሰርዙት፣ አጠገቡ ምክንያቱን ጻፉ። ፎርማት ባደረጋችሁበት ቀን የለካችሁትንም አትመኑት፤ ያን ዕለት ፕሪንተሩም ፀረ ቫይረሱም ገና አልገቡም። ሁሉም ተጭኖ አንድ ሳምንት ከተሠራበት በኋላ ተመልሳችሁ ለኩ። ይህን ለደንበኛው አስቀድማችሁ ንገሩት፤ መመለሳችሁ የሥራው አካል መሆኑን ይወቅ።

ወደ እኒያ የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት ተመልሼ የሄድኩት ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው፣ ከተማሪው ቀድሜ። ማታ እንደለመዱት ዲቫይደሩን አጥፍተውት ነበር። እኔ አልለካሁም፤ ስልካቸውን አስይዤ «እትዬ፣ ሲጫኑት ይጀምሩ፣ ሀ ስትመጣ ያቁሙ» አልኳቸው። 3 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ሆነ፤ ሁለት ደቂቃው እስከ ዴስክቶፕ፣ የቀረው ከዚያ በኋላ። ከፓስወርዱ ወዲህ ዲስኩ 100 ላይ ተጣብቆ ነበር። ኤስኤስዲ አስገባሁላቸው፤ ለእጄ አልተቀበልኩም፣ በፊት ተቀብያለሁና። በሳምንቱ በያኔው ሰዓት እንደገና ለኩ፣ አምስት ጠዋት። ቁጥሮቹን በወረቀት ጽፌ፣ ከታች «ዲቫይደር ሲጠፋ፣ እስከ ሀ» ብዬ ጨምሬ፣ በፕላስተር ሲፒዩው ጎን ላይ ለጠፍኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው አንዴ አነበቡት፣ ከዚያ በእስክሪብቶ ከሥሩ የዕለቱን ቀን ጻፉና ቀጥሎ ለሚመጣው ቁጥር ባዶ መስመር አሰመሩ።