የምድር ሸክም

መመሪያ፦ የሚከተለውን ምንባብ ድምፅ ሳታሰሙ በጥሞና ካነበባችሁ በኋላ ከሥሩ የተሰጡትን ጥያቄዎች መልሱ።

ጎጆ የሚቀልስ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ጣሪያውን ስለሚሸከመው ምሰሶ ነው። ምሰሶው ከቀጠነ ወይም ከነቀዘ፣ ግድግዳው ምንም ቢያምር ቤቱ አይጸናም። ከምድር በታች የድንጋይ ከሰል የሚቆፍር ሰውም የሚገዛው በዚሁ ሕግ ነው። ልዩነቱ የጎጆው ጣሪያ ሣር ሲሆን የከሰል ማውጫው ጣሪያ ግን ከበላዩ ያለው አለት ሁሉ መሆኑ ነው።

የድንጋይ ከሰል በአለት መካከል እንደ ንጣፍ ተዘርግቶ ይገኛል። ሳይነካ በፊት የአለቱን ክብደት ከዳር እስከ ዳር ተሸክሞ ይኖራል። ሠራተኞች መተላለፊያ እየከፈቱ ከሰሉን ሲያወጡ ክብደቱ አብሮ አይወጣም፤ በቀረው ከሰል ላይ ይጫናል እንጂ። ስለዚህ ከሰሉ በሙሉ አይቆረጥም፤ በየመካከሉ አራት ማዕዘን ምሰሶዎች ይተዋሉ።

ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። አንድ ሜትር ኩብ አለት 2.5 ቶን ያህል ይመዝናል። ከሰሉ የሚገኘው በ100 ሜትር ጥልቀት ቢሆን፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 250 ቶን ያርፋል። የምሰሶዎቹ ወርድና ቁመተ ጎን 10 ሜትር፣ በመካከላቸው ያለው መተላለፊያ 6 ሜትር ቢሆን፣ 100 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው አንዱ ምሰሶ የ256 ካሬ ሜትር ሸክም ይወድቅበታል። በዚህም ምክንያት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው ጫና 640 ቶን ይደርሳል። ምሰሶው ከጎኑ ሲሸረፍ ወይም ከፍታው ሲጨምር ደግሞ ጉልበቱ ይደክማል። አንዱ ሲፈርስ ሸክሙን ለጎረቤቶቹ ስለሚያስተላልፍ፣ እነርሱም ከአቅማቸው በላይ ከሆነባቸው ተከታትለው ይወድቃሉ።

በደቡብ አፍሪካ፣ ኮልብሩክ በተባለው የከሰል ማውጫ የደረሰው ይኸው ነው። ተጨማሪ ከሰል ለማግኘት ሲባል ከጣሪያው በኩል እየተቆረጠ የምሰሶዎቹ ከፍታ ጨመረ። ታኅሣሥ 18 ቀን 1952 ዓ.ም. አንዱ ክፍል ተደረመሰ። ይህ ማስጠንቀቂያ ነበር፤ ሥራው ግን ቀጠለ። ከ24 ቀን በኋላ፣ ጥር 12 ቀን፣ 900 የሚያህሉ ምሰሶዎች ፈረሱ። ከ430 የሚበልጡ ሠራተኞች ከምድር በታች ቀሩ። ከእነርሱም ብዙዎቹ ዛሬ ሌሶቶ ከምትባለው አገርና ከሞዛምቢክ እንጀራ ፍለጋ የመጡ ነበሩ። አስከሬናቸው እስከ ዛሬ አልወጣም።

ከዚህ አደጋ በኋላ ሳላሞንና መንሮ የተባሉ ተመራማሪዎች ሳይፈርሱ የቆሙ 98 እና የፈረሱ 27 የምሰሶ አሠራሮችን አነጻጸሩ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1967 ባወጡት ጥናት የምሰሶ ጉልበት ከወርዱና ከከፍታው ጋር ያለውን ግንኙነት በቀመር ገለጹ። ከዚያ ወዲህ መሐንዲሱ ከሰል ከመቆረጡ በፊት የምሰሶውን አቅም ከሚወድቅበት ሸክም ጋር ያመዛዝናል።

ስሌት ብቻውን ግን አይበቃም። ልምድ ያለው ሠራተኛ ጣሪያውን በብረት ዘንግ መታ መታ አድርጎ ያዳምጣል፤ ጥርት ያለ ድምፅ የጽናት፣ የባዶ ከበሮ የመሰለ ድምፅ የመላቀቅ ምልክት ነው። የእንጨት ድጋፍ ሲንቋቋ፣ የምሰሶ ጎን ሲፈረፈር፣ ወለሉ ሲያብጥ ሥራ ቆሞ ሰው መውጣት አለበት። «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» እንደሚባለው፣ ምልክቱን ያየ ሠራተኛ ሳይፈራ መናገር፣ አለቃውም ሳይንቅ መስማት ይገባዋል። በምድር ሆድ የተተወ ከሰል የባከነ ሀብት አይደለም፤ የሰው ሕይወት የቆመበት ምሰሶ ነው።

መልመጃ

ሀ. በምንባቡ መሠረት መልሱ።
1. ከሰሉ ሲወጣ የአለቱ ክብደት ወዴት ይሄዳል?
2. በምንባቡ የተሰጠው ጥልቀት 200 ሜትር ቢሆን፣ በምሰሶው አንድ ካሬ ሜትር ላይ ስንት ቶን ያርፋል?
3. የታኅሣሡ መደርመስ ማስጠንቀቂያ የተባለው ለምንድን ነው?

ለ. የሚከተሉትን ቃላት በዐረፍተ ነገር አገባብ አሳዩ።
ጫና፣ ተደረመሰ፣ ተሸረፈ፣ ጽናት

ሐ. በምንባቡ የተጠቀሰውን ምሳሌያዊ አነጋገር ከአካባቢያችሁ ኑሮ ጋር በማያያዝ በአንድ አንቀጽ አብራሩ።